ትኩስና የተለያዩ

በእኛ ከተማ ቅሬታ ያለው ሰው ለጥንቸል ይናገራል። ይህን ለእንግዳ ስናወራ እንግዳው ይስቃል፤ ምኑ እንደሚያስቀው ግን እስካሁን አልገባንም። ጥንቸል ጆሮዋ ረጅም ነው። አታቋርጥም፣ ሰው ሲያወራ ሰዓቷን አታይም፣ የሰማችውንም ለሌላ አታደርስም። ይህን ሁሉ ጠባይ አሟልቶ የተገኘ ሹም ስላልነበረ የአደባባዩ ምክር ቤት ለየቤቱ አንዳንድ ጥንቸል አደለ፤ በየአንገታቸውም «ቅሬታ ሰሚ» የሚል ቆርቆሮ ተንጠለጠለ።

ጥንቸሉ ሲያልቅ ቅሬታው ገና ነበር። ስለዚህ ለቀሩት ቤቶች ጊኒ ፒግ የሚባል ፍጥረት መጣላቸው። ስሙ አሳማ ነው አሉን፤ መልኩ አይጥ ነው፤ ሲታቀፉት ደግሞ እንደ ሞቀ ካልሲ ነው። መዝጋቢው የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደሚያሰፍረው ሁለት ቀን ሲጨነቅ ቆይቶ «ምክትል ቅሬታ ሰሚ» ብሎ ተገላገለ። የምክትሎቹ ጉድለት አንድ ብቻ ነበር፤ ጆሯቸው ትንሽ ነው። ጊኒ ፒግ የደረሰው ሰው ቅሬታውን ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት፤ ጮክ ሲል ደግሞ ጎረቤት ይሰማል። ምክር ቤቱ ይህን አላሰበበትም።

እኔ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ሰዎች ያሉትን መጻፍ ነው፤ ሆኖም ሰዎች ያሉትን እንዳሉት የሚጽፍ ጸሐፊ እንዳልተማረ ስለሚቆጠር ትንሽ አሳምረዋለሁ። አንዱ «ውሃ የለም» ሲል «የውሃ አቅርቦት ውስንነት ተስተውሏል» ብዬ እጽፋለሁ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው። ቃለ ጉባኤው ሲያልቅ ከግርጌው አንዲት መስመር ምርቃት መጨመርም የጸሐፊው ድርሻ ነው። ያቺን መስመር ማንም አያነባትም፤ ማኅተሙ ግን እሷም ላይ ያርፋል።

ማኅተም ያረፈበት ጽሑፍ ምን ማለት እንደሆነ የሚናገሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ቃል ፈቺው ጋሽ ልሳነወርቅ። ሰው ሚስቱን እንደሚፈታ እሳቸው ቃልን ይፈታሉ፤ ከተፈታ በኋላ ቃሉ ከድሮ ትርጉሙ ጋር ሰላምታም የለው። ክፉ ሰው አይደሉም። ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳሉ፣ ሰውን በስሙ ይጠራሉ፣ በሕግም የሚያምኑ ናቸው። ማኅተም ያረፈበት ቃል አይታረምም፣ ይፈታል እንጂ። ከአንድ ቃል በላይ ባንድ ጊዜ ጠረጴዛቸው ላይ አይወጣም። ቅሬታ ከቀረበ ግን ከሁሉም በፊት ይታያል፤ ይህን አንቀጽ ሲያጸድቁ ማንም አልተከራከረም፣ ቅሬታው ሁሉ ወደ ጥንቸል ስለሚሄድ ምክር ቤቱ ደጃፍ ደርሶ አያውቅማ። ተናጋሪው ንግግሩን ሳይጨርስ ደግሞ ቃሉ አይነካም። ጋሽ ልሳነወርቅ ሰው አያቋርጡም፤ በዚህ እናታቸው እንዳሳደጓቸው ሁልጊዜ ይናገራሉ።

ነገሩ የተጀመረው ቅሬታ ሰሚዎቹ መታመም ሲጀምሩ ነው። መላው ከተማ ጎመን ብቻ ነበር የሚያበላቸው፤ ሆዳቸው እንደ ከበሮ እየተነፋ በጎናቸው ይተኛሉ። ከተማው ግን ያሳመማቸው የሰሙት ነገር ነው አለ። ባሎች ሚስቶቻቸውን፣ ሚስቶች ባሎቻቸውን «ምን ብለህ ነግረሃት ነው?» እያሉ ሲፋጠጡ ሰነበቱ። በመጨረሻ ከሌላ አገር የከብት ሐኪም ተጠራች። እልፍነሽ የምትባል፣ ቦት ጫማዋን ሳታወልቅ ምክር ቤቱ ውስጥ የገባች ቀጭን ሴት ናት። አሥራ ሁለት ጥንቸልና አምስት ጊኒ ፒግ ሆድ ሆዳቸውን ዳብሳ ስታበቃ እንዲህ አለች፦

«ዋናው ምግባቸው ድርቆሽ ነው፤ እሱ ከፊታቸው አይጥፋ። ከዚያ በየቀኑ ያልጠወለገ፣ ብዙ ዓይነት አትክልት ስጧቸው። ዛሬ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ የካሮት ቅጠል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሌላ። አዲሱን ነገር በትንሽ በትንሹ አስለምዷቸው። ካሮቱ ጣፋጭ ነው፣ በቁራጭ ይብቃቸው። ለጊኒ ፒጎቹ ግን ያ የማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያ አይቅርባቸው፤ ቫይታሚን ሲ እንደ እኛው ከሚበሉት ካልሆነ ከየትም አያገኙም። ይኸው ነው።»

ይኸው ነው አለች። የእኔ ብዕር ግን አልረካም። «ያልጠወለገ» የገበያ ቃል መሰለኝ፤ «ትኩስ» አልኩት። «ብዙ ዓይነት» የሚለውም እንደ አሮጌ ቀሚስ እዚህም እዚያም ሰፋብኝ፤ «የተለያዩ» አልኩት። የቀረውን አሳጠርኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ «ለቅሬታ ሰሚዎችና ለምክትሎቻቸው ትኩስና የተለያዩ አትክልቶች ይቅረቡ።» ደግሜ አነበብኩት፤ ወደድኩት። ማኅተም ተመታ። ሐኪሟም በከሰዓቱ አውቶቡስ ሄደች።

መጀመሪያ የተፈታው «ትኩስ» ነው። ትኩስ ማለት፣ አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ሲነኩት የሚያቃጥል ነው፤ ትኩስ ሾርባ እንደሚባለው፣ ትኩሳትም እንደሚባለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው በሙሉ ለጥንቸል አትክልት ይቀቅል ጀመር። እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ ሳህኑ ፊታቸው ሲቀመጥ ጥንቸሎቹ ሳህኑን አይተው እኛን ያዩናል። ጥንቸል ሰውን ስትታዘብ ያየሁት ያኔ ነው። በሳምንቱ አንድ ተቆጣጣሪ ሲቀምስ ምላሱ ተቃጠለ፤ ጋሽ ልሳነወርቅም ቃሉን ትንሽ ወዲያ ገፋ አደረጉት። ትኩሱ አትክልቱ ሳይሆን አቅራቢው ነው፤ በትኩስ ስሜት ያቅርብ ማለት ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ጎመን የሚቆርጥ ሁሉ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ፊቱ ላይ ትኩስ ስሜት ማሳየት ነበረበት። ይህ ብዙም አልከበደንም፤ ለምደነዋል።

ከዚያ «የተለያዩ» ተራው ደረሰ።

ጋሽ ልሳነወርቅ አንድ ሳምንት ሙሉ በራቸውን ዘግተው ከረሙ። ሲወጡ ከስተው ነበር፤ ዓይናቸው ግን ያበራል። ሰገነቱ ላይ ቆመው ተናገሩ። የተለያየ ማለት አብሮ ኖሮ አሁን አብሮ የማይኖር ነው። ባልና ሚስት ተለያዩ ይባላል፤ መንገደኞች መስቀለኛው ላይ ተለያዩ ይባላል። አትክልቶቻችን ግን እስከ ዛሬ ድረስ በአንድ መደብ፣ በአንድ ዘንቢል፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ኖረዋል። ቅሬታ ሰሚዎቻችን የታመሙት ያልተለያየ አትክልት እየበሉ ነው።

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ጸሐፊ ሲያጨበጭብ ብዕሩን በጥርሱ ይይዛል፤ ስለዚህ መናገር አልቻልኩም።

በማግስቱ የማለያያ ጽሕፈት ቤት ተከፈተ፤ ለያይ የሚባሉ ሠራተኞችም ቆብ ተሰጣቸው። ገበያው አራት ቦታ ተከፈለ፤ ጎመን በወንዙ ማዶ፣ ሰላጣ በመቃብሩ ሥር፣ ካሮት በወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ቃሪያ በአውቶቡስ ማቆሚያው። እያንዳንዱ አትክልት ከማንም ጋር እንደማይኖር የሚገልጽ የመለያየት ማስረጃ ይዞ ይሸጣል። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጥቅል ጎመን የመጣ ዕለት ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ቀን ተሟገተ፤ ቅጠሎቹ ተቃቅፈው እንዴት ተለያየ ይባላል? በመጨረሻ ሁለት ለያዮች ተመድበው እያንዳንዱን ቅጠል ሲገነጥሉ ዋሉ፤ መሐሉ ላይ ምንም ስላላገኙ ተገረሙ። ካሮትም ከቅጠሉ እንዲለይ ተደረገ። ቅጠሉ የት ሰፈር እንደሚሄድ ግን ስላልተወሰነ አጥሩ ሥር ተከምሮ ደረቀ።

ሰላጣ ሲሸጡ የኖሩ ሴቶች ከጎመን ሻጮች ጋር እንዳይነጋገሩ የከለከለ አልነበረም፤ መንገዱ ስለራቀ ብቻ ተውት። ቀጥሎ ቤቶቹ መጡ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለያዮች በየበሩ እየገቡ ዘንቢል አዩ። መጀመሪያ ዓይናቸው ያረፈበት አትክልት የዚያ ቤት ሰፈር ሆነ፤ ቤቱም ከዚያ ገበያ ብቻ እንዲገዛ ተወሰነ። አማቱ ሊጠይቁት ይመጣሉ ብሎ በዓመት አንዴ ሰላጣ የገዛ ሰው ዕድሜ ልኩን ሰላጣ ሆኖ ቀረ። እኔ ሦስት ካሮት ነበረኝ፤ ካሮት ሆንኩ። ጎረቤቴ እትዬ ማንጠግቦሽ በዚያ ቀን ቤታቸው ባዶ ነበር። ቤትዎ ባዶ ሆኖ እንዳያገኙዎት ብዬ ከሦስቱ አንዷን በአጥር ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ውለታ መሆኑ ነበር።

በወሩ ሰዉ ራሱ መናገር ጀመረ። የካሮት ሰፈር ሰዎች ዓይናቸው ከሩቅ ያያል፣ ልባቸው ግን እንደ ካሮቱ እመሬት ውስጥ ነው ተባለ። እኛም ስለ ጎመኖች የምንለው አላጣንም። «ድሮም እንዲህ ናቸው» ይባባላል ሰዉ። ድሮ ማለት ያለፈው ወር ነበር።

እንግዲህ እትዬ ማንጠግቦሽን ላስተዋውቃችሁ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ያላቸው ድንቡሼ ናት። ድንቡሼ ነጭና ቡናማ፣ ግንባሯ ላይ ጸጉሯ እንደ አዙሪት የሚዞር ጊኒ ፒግ፣ የቤታቸው ምክትል ቅሬታ ሰሚ ናት። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ ከሣጥኗ አጠገብ በርጩማ ስበው ይቀመጡና የዕለቱን ያሰማሉ። ጉልበታቸውን፣ መብራቱን፣ ክርና መርፌ እንዲሁ በነጻ የሚለምኗቸውን ሴቶች። ጆሮዋ ትንሽ ነውና መላው ሰፈር አብሮ ይሰማል። ቅሬታው ሲያልቅ ለድንቡሼ ቅጠል ይሰጧታል። የፌስታል ኮሽታ ስትሰማ ሁለት እግሯ ላይ ቆማ «ዊክ! ዊክ!» ትላለች። አንድ ፍሬ ፍጥረት እንደዚያ ይጮኻል ብሎ የሚያስብ የለም፤ እኔ ግድግዳ ለይቶኝ እንኳ እሰማታለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ማለፉን የማውቀው በሷ ነበር።

ካሮት ብቻ መብላት በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ዝም አለች።

መጀመሪያ ጸጉሯ ቆመ። ቀጥሎ የኋላ እግሯን መጎተት ጀመረች። አንድ ቀን እትዬ ማንጠግቦሽ የተነከሰች የካሮት ቁራጭ በመዳፋቸው ይዘው አጥሩ ጋ ጠሩኝ፤ ቁራጯ ላይ ደም ነበር። «ድዷ ነው» አሉ። ለሐኪሟ ደወልኩ። እልፍነሽ ምልክቱን ሰምታ ቃሪያና ቅጠላ ቅጠል ማግኘት አለባት፣ ካላገኘች ሁለት ሳምንትም አትቆይም አለችኝ። «የነገርኳችሁን አልጻፋችሁትም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጽፈነዋል አልኳት። እውነቴን ነው፤ ተጽፏል።

በማግስቱ ቃሪያ ሰፈር ገባሁ። ከሚያውቀኝ ሰው አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቃሪያ ተቀብዬ ኮፍያዬ ውስጥ ደበቅኩና መስቀለኛው ላይ ስደርስ ለያዩ ሰላም አለኝ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። ሰላም ሲለኝ በልማድ ኮፍያዬን አነሳሁለት።

ቃሪያዋ እግሩ ሥር ወደቀች። ሁለታችንም አየናት። «ብቻዋን ብትሆን ግድ አልነበረኝም፣ ግን ከካሮት ሰው ጋር ተገኝታለች» ብሎ እያዘነ ከሰሳት። ቃሪያዋ በሁለት ለያዮች ታጅባ በመኪና ወደ ሰፈሯ ተመለሰች፤ እኔ በእግሬ ሄድኩ።

የዚያን ቀን ከሰዓት እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ስገባ እሳቸው ጓሮ ነበሩ፤ ድርቆሽ ያራግፋሉ። ድንቡሼ ሣጥኗ ጥግ ተኮራምታ ተኝታለች። እንደ ሌላው ሰው እኔም ቅሬታ አለኝ፤ ነገር ግን ቅሬታዬ በራሴ ላይ ስለነበር ለራሴ ጥንቸል መናገር አልፈለግኩም፤ የኔን ጥንቸል አውቃታለሁ፣ ከዚያ በኋላ በዓይኗ ትንቀኛለች። እዚያው በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና ለድንቡሼ ነገርኳት። ጆሮዋ ትንሽ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ደካማ ነበረች። ጮክ ብዬ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ከኋላዬ።

ድርቆሹን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሐኪሟ ምን ነበር ያለችው?»

«ብዙ ዓይነት።»

«አንተስ?»

«የተለያዩ።»

ድርቆሹን አስቀመጡት። እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ብዙ ዓይነት ምን ጎደለው?» አሉ።

ለምክር ቤቱ ልናዘዝ ብል ማኅተም ያረፈበት አይታረምም፤ ጸሐፊው ግን ይባረራል፤ ቃሉ ከነትርጉሙ እዚያው ይቀራል አልኳቸው። በብዕር ያመጣኸውን በብዕር ውሰደው፣ ይቺ ልጅ ከሞተች ግን እዚህ በር አትምጣ አሉኝ። ተነሳሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ ተቆጥተውም ቢሆን ሳይመርቁ ሰው አይሸኙም፤ ልማዳቸው ነው።

«በል ሂድ። ጤና አይለይህ።»

የበሩ ደፍ ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ምን አሉኝ?»

«ሂድ አልኩህ።»

«ከሱ ቀጥሎ።»

«ጤና አይለይህ አልኩህ። ምነው፣ ይለይህ ልበል?»

ሮጬ ወጣሁ። እንዳበድኩ ነው የቆጠሩኝ፤ ኋላ ነገሩኝ።

ያን ሳምንት ምክር ቤቱ ስለ ድልድዩ ቀለም ተሰበሰበ። ሲያልቅ ከቃለ ጉባኤው ግርጌ ማንም የማያነባትን ምርቃቴን ጻፍኩ፦ «በየቤቱ አትክልት አይለይ።» ለሰሚው የታወቀ ምርቃት ነው፤ ከቤታችሁ አትጡ እንደማለት። ማኅተሙ ሲያርፍባት ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩባት። ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ወደ ጋሽ ልሳነወርቅ ገባሁ።

«የመጨረሻዋ መስመር አልገባችኝም» አልኳቸው።

«አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍካት?»

«እኔ ነኝ። ለዚያ ነው ያልገባችኝ።»

ይህ መልስ እጅግ ደስ አላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ አውልቀው አነበቡ። «አይለይ» አሉ ቀስ ብለው፣ ከረሜላ እንደሚመጥ ሰው። ለሦስት ቀን በሩ ተዘጋ። እኔ በየጠዋቱ በአጥሩ አሻግሬ አያለሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ ድንቡሼን በጉያቸው ይዘው ድርቆሽ በጣታቸው ያጎርሷታል። ቀና ብለው አያዩኝም። በሦስተኛው ቀን ድርቆሹንም መትፋት ጀመረች።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ልሳነወርቅ ሰገነቱ ላይ ወጡ። ቀድሞ አትክልት ይለያይ ተብሏል፤ አሁን ደግሞ በየቤቱ አይለይ ተብሏል። ሁለቱም ማኅተም አላቸው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ስለዚህ አትክልት በገበያ ይለያያል፣ በቤት አይለይም። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ብዕሬ ጥርሴ ውስጥ ነበር።

የማለያያ ጽሕፈት ቤት አልተዘጋም፤ ከጎኑ የማገናኛ ጽሕፈት ቤት ተከፈተ እንጂ። ሠራተኞቹ ያው ለያዮቹ ናቸው፤ ጠዋት ይለያያሉ፣ ከሰዓት ቆባቸውን ገልብጠው ያገናኛሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ ካሮት ብቻ ያገኙበትን «አንተ አሁንም ትለያለህ?» እያሉ ይቆጣሉ። ያ አብሮኝ የተማረው ለያይ እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ከሰዓት ገብቶ ካሮት ብቻ ስላገኘ እጅግ ተቆጥቶ፣ ሕግ ለማስከበር ሲል ቃሪያ፣ ሰላጣና ቆስጣ ራሱ ይዞ መጣ። ቃሪያዋን ያወቃት መሰለኝ።

ድንቡሼ የመጀመሪያ ቀን አሸተተች፣ አልበላችም። እትዬ ማንጠግቦሽ ቃሪያውን በጥርሳቸው አድቅቀው በጣታቸው ጫፍ ድዷ ላይ ቀቡላት። በሁለተኛው ቀን ጣታቸውን ላሰች። በሳምንቱ የሰላጣ ቅጠል ከጫፉ ይዛ እንደ ወረቀት እየሳበች ስትውጥ በአጥሩ ላይ አየሁ። እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ድምፅዋ ግን አልተመለሰም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ ያልፋል።

እኔም ዕረፍት ያገኘሁ መሰለኝ። አንድ ማለዳ ጋሽ ልሳነወርቅ በኮሪደሩ ላይ ትከሻዬን ይዘው እስኪያቆሙኝ ድረስ ነው።

«ያ የድልድዩ ቃለ ጉባኤ» አሉ እየሳቁ፣ «መጨረሻው ቢያምር ጊዜ መጀመሪያውን አየሁት። አንተ ልጅ፣ ታላቅ ነገር ጽፈሃል። ማክሰኞ እፈታዋለሁ፤ ሕዝቡ ይጠራ።»

ወረቀቱን አውጥቼ አየሁ። ሁልጊዜ እንደምጀምረው፣ ሳላስበው፣ እጄ እንደለመደው ጀምሬዋለሁ። «የተለያዩ የከተማችን ነዋሪዎች በተገኙበት…»

ማኅተሙ ደርቋል።

ለእትዬ ማንጠግቦሽ ነገርኳቸው፤ ሌላ የምነግረው ሰው አልነበረኝም። አትክልት ላይ የሆነው ሰው ላይ ሊሆን ነው፣ የኛን አጥርም ያለ ጥርጥር ግንብ ያደርጉታል አልኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው ብለው ጠየቁኝ።

ማክሰኞ አደባባዩ ሞላ። ለያዮች ገመድ ይዘው በአራቱም ማዕዘን ቆመዋል፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልተነገረም። እትዬ ማንጠግቦሽ ከፊት ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ዘንቢል አለ፤ ዘንቢሉ ውስጥ ድንቡሼ፤ በእጃቸው ጥቁር ፌስታል። ጋሽ ልሳነወርቅ ወረቀቱን ዘርግተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተለያዩ» አሉ፤ ትንሽም ቆሙ፣ ቃሉን ለማጣጣም።

እትዬ ማንጠግቦሽ ወደ እኔ ተመለከቱ። ከዚያ ፌስታሉን ኮሽ አደረጉት።

«ዊክ!»

ድንቡሼ በዘንቢሉ አፍ ላይ በሁለት እግሯ ቆማለች።

ማን ነው የተናገረው አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። ምክትል ቅሬታ ሰሚዋ ናት አሏቸው እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ቅሬታ አላት። ሕዝቡ አጉረመረመ። ቅሬታ ሰሚ ሲሰማ እንጂ ሲናገር አይተን አናውቅም፤ ቅሬታ ደግሞ በሕጉ ከሁሉም በፊት ይታያል። ጋሽ ልሳነወርቅ ወረቀቱን አጠፉ። ሕግ አክባሪ ናቸው።

«ጸሐፊ» አሉኝ፣ «ምን አለች?»

ብዕሬን አነሳሁ። እጄ «ምክትል ቅሬታ ሰሚዋ በአትክልት አቅርቦት ዙሪያ ያላቸውን ስጋት…» ብሎ ሊጀምር ነበር። ያዝኩት። ምን ጎደለው አልኩ ለራሴ። ጻፍኩ፦ «ዊክ።» አነበብኩላቸው፤ ማኅተም ተመታበት።

ጋሽ ልሳነወርቅ ቃሏን ሊፈቱ አፋቸውን ከፈቱ። እትዬ ማንጠግቦሽ ፌስታሉን እንደገና ነካ አደረጉት።

«ዊክ! ዊክ!»

«አልጨረሰችም፣ ጌታዬ» አሉ።

ጋሽ ልሳነወርቅ አፋቸውን ዘጉ። እናታቸው እንዳሳደጓቸው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ትጨርስ» አሉ።

ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ድንቡሼ በየቀኑ ምክር ቤት ትቀርባለች፤ ንግግሯ አላለቀም። ጋሽ ልሳነወርቅ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ያዳምጣሉ፤ አንዳንድ ቀን ከማድነቅ ብዛት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጠረጴዛቸው በሷ ስለተያዘ ሌላ ቃል አይወጣም። ለያዮቹ አዲስ ትእዛዝ ስለሌላቸው ገመዳቸውን ለልብስ ማስጫ ሰጥተዋል። ሰላጣና ጎመን ሻጮቹ መንገዱ ስለሚያደክማቸው እየተጠጋጉ መጥተው አሁን በአንድ ጥላ ሥር ይሸጣሉ፤ ተገናኙ ብሎ የጻፈላቸው ስለሌለ ተለያዩ የሚላቸውም የለም።

የእኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት ገበያ መውጣት ሆኗል። ያልጠወለገ፣ ብዙ ዓይነት እመርጣለሁ። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ የካሮት ቅጠል፣ ካሮት በቁራጭ። አንድ ነገር ብቻ ያመጣሁ ቀን ድምፅዋ ይቀንሳል፤ አዲስ ቅጠል የጨመርኩ ቀን ግን እስከ ከሰዓት ትናገራለች። ሁሉንም እንዳለችው እጽፋለሁ።

ትናንት ለሐኪሟ ደውዬ ጊኒ ፒግ ስንት ዓመት ይኖራል ብዬ ጠየቅኋት። አምስት፣ ስድስት ዓመት አለችኝ፤ በደንብ ከተመገበች ስምንት።

ዛሬ ቃሪያውን ጨምሬ ገዛሁ።